ልጁን «አባዬ» የሚል አባት

ታቴራቅ የተወለደችው አያቷን ባሕር ይዟቸው በቀረ ዓመት፣ ውሃው በረዶ ሊሠራ ጥቂት ሲቀረው ነበር። የአያትየውም ስም ታቴራቅ ነው። በእኛ ደሴት ሰው ሲሞት ስሙ ቤት አልባ ሆኖ ይንከራተታል፤ የሚወርሰው ሕፃን እስኪወለድ ድረስም ማንም በአፉ አያነሣውም። ሕፃኑ ስሙን ሲቀበል ሟቹ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው። የተወለደው ወንድ ይሁን ሴት፣ ስም ለዚያ ደንታ የለውም።

ስለዚህ አዋላጇ ገና ያልደረቀችውን ሕፃን በቆዳ ጠቅልላ ስታቀብለው፣ ኤሊያሴር እንባው ጉንጩ ላይ እየወረደ፣ «እንኳን ደህና መጡ አባዬ፤ ውሃው በጣም በረደዎት?» አላት።

እናትየዋ ኮርኔሊያ ከተኛችበት ቀና ሳትል፣ «እኔስ ገና በጩኸታቸው አወቅኋቸው» አለች። አማቷ በሕይወት ሳሉ ሾርባ በቀዘቀዘ ቁጥር ቤቱን በጩኸት የሚያናውጡ ሰው ነበሩና፣ እዚያ የነበረው ሁሉ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ።

እንዲህ ሆኖ ታቴራቅ ለገዛ አባቷ አባት፣ ለገዛ እናቷ አማት ሆና አደገች። እናቷ «አማቴ፣ ንፍጥዎ ወርዷል፤ ኧረ ይጥረጉት» ትላታለች። አባቷ ከባሕር ሲመለስ ከሁሉ አስቀድሞ ፊቷ ቁጢጥ ብሎ ያገኘውንና ያመለጠውን ይነግራታል፤ ያኔ ገና እግሯ እንኳ አልጸናም። ጎረቤታቸው ፓቪያ በዚህ ነገር ሳቁ አያልቅም። አንድ ቀን ሕፃኗ አባቷ ጭን ላይ ስትሸና አይቶ፣

«ኤሊያሴር፣ አባትህን እርጅና ተጫጭኗቸዋል፤ ሽንታቸውን መቋጠር አቃታቸው!» አለ።

«እኔስ ስንቴ ሸንቼባቸዋለሁ? የእጄን መስጠታቸው ነው» አለ ኤሊያሴር ሱሪውን እያራገፈ።

የእንዲህ ያለ ልጅ ፈቃድ አይገፋም። ከከለከሉትና ከከፋው ስሙ ተቀይሞ ጥሎት ይሄዳል፤ ስም የሸሸው ልጅ ደግሞ አይበረክትም ይባላል። ታቴራቅ ይህ ቶሎ ገባት። አንድ ጊዜ አባቷ የበረዶውን ወራት ሙሉ ከአጥንት ሲሞርድ የከረመውን የጦር ጫፍ አንሥታ ባሕር ውስጥ ወረወረችው። ኤሊያሴር ውሃው ላይ የቀሩትን ክበቦች ትንሽ አየና፣ «ድሮም የእርስዎ ነበር» ብሎ ሌላ መሞረድ ጀመረ።

«ስማ፣ እኚህን ሽማግሌ አንድ ቀን ቂጣቸውን ቸብ ብታደርግልን ምናለ?» አለው ፓቪያ።

«አንተ አባትህን ትመታለህ?»

«የኔ አባት ሱሪያቸውን ራሳቸው ይታጠቁ ነበር!»

የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይቀኑባት ነበር። እሷ የምትቀናው ግን በፓቪያ ልጅ ነው። ልጅቷ ወደ ቋጥኙ ጫፍ ስትጠጋ ፓቪያ ካለበት ሆኖ፣ «ውረጂ አንቺ ድንጋይ ራስ! ብትወድቂ ማን ሊያወጣሽ ነው?» ብሎ ይጮህና፣ ሮጦ በብብቱ አንጠልጥሏት ይሄዳል። ልጅቷ እግሯን እያወራጨች ስትነጫነጭ ታቴራቅ ቆማ ታያቸዋለች። እሷን ከቋጥኝ ጫፍ ላይ «ውረጂ» ብሏት የሚያውቅ የለም። አባቷ መጥቶ አጠገቧ ይቆምና፣ «ባሕሩን እያዩ ነው አባዬ?» ይላታል እንጂ።

ከእሷ በኋላ በዚያ ቤት ልጅ አልጸናም። በእኛ ዘንድ ደግሞ አዳኝ የሌለው ቤት የሌላ ሰው እጅ ያያል። አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ሥጋው ምግብ ነው፣ ስቡ መብራትና ማሞቂያ ነው፣ ቆዳው ልብስና ጀልባ ነው፤ እሱን ደግሞ ካያክ በሚሉት ጠባብ የቆዳ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ከባሕር የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። ኤሊያሴር ቁመቷን በክንድ፣ ወገቧን በስንዝር ለካና ለእሷ ብቻ የሚሆን ካያክ ሠራላት። ኮርኔሊያ ቆዳውን ሰፍታ አለበሰችው። የሰፈሩ ሴቶች «ሴት ልጅ ካያክ ላይ ምን ልትሠራ?» ብለው ሲያሽሟጥጡ፣ ኮርኔሊያ ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ «የምን ሴት ልጅ? አማቴ ናቸው» ትላለች። ታቴራቅም ለመደችው። ካያኩ ሲገለበጥ በመቅዘፊያ ምት ተመልሳ መነሣትን፣ አቆስጣው ለመተንፈስ ብቅ እስኪል እንደ ድንጋይ ሆኖ መጠበቅን፣ የጦሩ ገመድ እጇን ሳይጠልፍ መልቀቅን ተማረች። ኤሊያሴር ያስተማራት ሁሉ «እንደሚያስታውሱት አባዬ…» እያለ ነበር።

ሙሉ ሴት ከሆነች በኋላ ነው ያ ቀን የመጣው።

የበረዶው ወራት ደጅ ላይ ደርሷል። ሥጋ የሚሰቀልበት እንጨት ባዶ ከሆነ ሰንብቷል፤ ኮርኔሊያን ሳል ይዟት ሌሊት ሌሊት ያርገፈግፋታል። አባትና ልጅ በሁለት ካያክ ወደ የብስ ዘልቆ የገባውን የባሕር ሰርጥ ተሻግረው ማዶ ወጡ። ባሕሩ እንደ ዘይት ተኝቶ ዋለ። ታቴራቅ አንድ የሰባ አቆስጣ ወጋች፤ ዳርቻው ላይ ገፈፉት፣ ትኩስ ጉበቱን ተካፈሉ፣ ሥጋውንና ስቡን በየካያኩ ሆድ ሸጎጡ፣ ቆዳውን ጠቅልለው ከኤሊያሴር ካያክ ጀርባ ላይ አሰሩ።

ወደ ቤት የሚመልሰው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ዳር ዳሩን ይዞ ሰርጡን ይዞራል፤ ሩቅ ነው፣ መንገድ ላይ ያሳድራል፣ ነፋስ ቢነሣ ግን የትም መውጣት ይቻላል። ሌላው መሐል ለመሐል ይሻገራል፤ ሳይመሽ ቤት ያደርሳል፣ በመካከሉ ግን ወፍ ከሚያርፍበት አንድ ራቁት ድንጋይ በቀር መሬት የሚባል የለም።

ኤሊያሴር ተራራውን አየ። ጫፉ ላይ ነጭ ደመና እንደ ቆብ ተደፍቶበታል። በእኛ ደሴት ይህ ነፋስ እንደሚጠራ የማያውቅ ሰው የለም።

«ምን ይላሉ አባዬ?» አላት።

«መሐል ለመሐል እንቁረጥ ልጄ። ኮርኔሊያ እየጠበቀች ነው።»

ኤሊያሴር እንደገና ተራራውን አየ። አፉን ከፈተ። ይህን ያለው ፓቪያ ቢሆን ኖሮ «አብደሃል እንዴ?» ብሎት ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር። ግን አባቱ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ከባሕር የተመለሱለትን አባቱን ማስቀየም አልሆነለትም።

«እንዳሉ» አለ።

ታቴራቅም ደመናውን አይታዋለች። እሱ ዝም ሲል ጊዜ ግን፣ የሚያስፈራ ቢሆን ይናገር ነበር ብላ ቀዘፈች። እሱ ደግሞ እሷ ስትቀድም፣ አባቴ የሚያውቁት ነገር ቢኖር ነው ብሎ ተከተላት። ሁለቱም እንዲህ አንዱ በሌላው ተማምነው ወደ መሐል ገቡ።

ነፋሱ ከተራራው ላይ የወረደው ሰርጡ እኩሌታ ላይ ሲደርሱ ነው። ባሕሩ በአንዴ ነጭ ሆነ። ታቴራቅ ከዚያ ወዲያ የምታስታውሰው የአባቷን ጀርባና ማዕበሉ ሲውጠው ሲተፋው ብቻ ነው። ወደ ቤት መድረስ እንደማይሆን ሲገባቸው ወደዚያ ራቁት ድንጋይ ዞሩ። ማዕበሉ ድንጋዩ ላይ እየወጣ ይፈርሳል፤ ቆዳ የለበሰ ካያክ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ቢመታ ያልቅለታል። ያኔ ኤሊያሴር የራሱን ካያክ በአንዲት የድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ሰነቀረና፣ የባሕር ልብሱን ከካያኩ አፍ ጋር የሚያያይዘውን ጠፍር በጥሶ ውሃ ውስጥ ዘለለ። ደረቱ ድረስ ገብቶ የታቴራቅን ካያክ በአፍንጫው ያዘውና በትከሻው ደግፎ አወጣት። እሷ ከነልብሷ ደረቅ ናት። የእሱ ልብስ ከውስጥ ውሃ ሞላ።

ድንጋዩ አንድ ትልቅ ቤት ቢያክል ነው። ዛፍ የለው፣ ዋሻ የለው። በአንድ በኩል ወገብ የሚደርስ ጠርዝ አለው፤ ሥሩ የወፍ ኩስ የመገበው ትንሽ ሣርና እንደ ጥጥ የለሰለሰ የድንጋይ ሽበት ይዟል። ምሽቱ እየወረደ ነው።

«ምን እናድርግ?» አለች ታቴራቅ።

ኤሊያሴር ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ዙሪያውን ቃኘ። «ድንጋይ!» አለ።

ወትሮ «ድንጋይ ቢያቀብሉኝ አባዬ» ይል ነበር። ለማስተዋል ጊዜ አልነበራትም፤ ሮጣ ተሸከመች። ከጠርዙ ትይዩ ሁለት የድንጋይ ክምር ሠሩ። ሁለቱን ካያክ ገልብጠው፣ አንድ ጫፋቸውን ጠርዙ ላይ፣ አንዱን ክምሩ ላይ አድርገው ጎን ለጎን አጋደሙ። ጣራ ሆነ። በመካከላቸው የቀረውን ክፍተት በአዲሱ የአቆስጣ ቆዳ ሸፍነው በጦሩ ገመድ ጠፈሩት። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ግድግዳ ካቡ፤ እሷ የባሕር ሣርና ሽበት እየነጨች በየቀዳዳው ወተፈች።

«ጥብቅ አድርጊው! ጣትሽ ካለፈ ነፋሱም ያልፋል!»

«እያጠበቅሁ ነው!»

«ይሄ ማጥበቅ ነው? ወፍ እንኳ ከዚህ ይሻላል!»

ሥጋውን ከካያኮቹ አውጥተው ቋጥኙ ሥር ደበቁ። እርጥቡ ድንጋይ ሰውነታቸውን እንዳይጠባው፣ በጦር የተወጋ አቆስጣ እንዳይሰጥም የሚያንሳፍፉበትን በአየር የተነፋ የቆዳ ከረጢት ሁለቱንም አነጠፉ። ስብ አላቸው፤ እሳት ቢኖር የተቦረቦረ ድንጋይ ላይ አቅልጠው፣ በሽበት ክር አንድደው ይሞቁ ነበር። ክብሪቱ ግን በኤሊያሴር ደረት ላይ በነበረች ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ቆርቆሮዋን ሲከፍታት ውሃ ፈሰሰ። መልሶ ከደናት።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። በመግቢያው በኩል ቆዳው ተርፎ ይንጠለጠላል፤ ነፋሱ እየገባ ያነሣዋል፣ የሚጫነው ትልቅ ድንጋይ ግን ከዚያ ወዲያ አልተገኘም። አንድ ሰው ጫፉን ከሥሩ አድርጎ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ሊተኛበት ይገባል። ካልሆነ ጣራው ሳይነጋ ይሄዳል።

«የኔን ልብስ ልበስ» አለችው ታቴራቅ።

«ትከሻዬ ላይ ይቀደዳል። ከዚያ ሁለታችንም ራቁታችንን መቅረታችን ነው።»

«እንግዲያው ወደ ውስጥ ግባ። ደጁ ላይ እኔ እተኛለሁ።»

ኤሊያሴር የቆዳውን ጫፍ ከጎኑ ሥር አጥፎ ተጋደመ።

«ልጄ፣ ሰምተኸኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ተነሣ እንግዲያው! አባትህ ነኝ።»

ነፋሱ ከላያቸው ሁለቱን ካያክ አንቀጠቀጣቸው።

«አባቴ ሞተዋል» አለ ኤሊያሴር። «እዚሁ ሰርጥ ላይ፣ እያየኋቸው ነው የሞቱት። አንቺ ልጄ ነሽ። ግቢና ዝም ብለሽ ተኚ!»

ታቴራቅ ስሙ ከላይዋ ተነሥቶ ሲበር ይሰማኛል ብላ ጠበቀች። የተሰማት ግን የአባቷ ጥርስ መንገጫገጭ ብቻ ነው። በአራት እግሯ እየዳኸች ወደ ውስጥ ገባችና ደረቷን ከደረቱ አጣብቃ ተኛች፤ እርጥብ ልብሱን ፈትታ የራሷን እስከቻለ ድረስ በላዩ ዘረጋችው። ስብ እየቆረጠች አጎረሰችው።

«ከፋሽ?» አላት ቆይቶ።

«አልከፋኝም።»

«ያንን ደመና ቀን አይቼው ነበር።»

«እኔም።»

«መናገር ነበረብኝ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«እሳቸው ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅማ» አለ። «ደግሞ በሕይወት ሳሉም አጉል ችኩል ነበሩ» ብሎ ሲጨምር ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆኖበት ብዙ ቆየ።

«አባዬ» አለችው። ይህን ቃል ለእሱ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

«ምነው?»

«ምንም። ልበልህ ብዬ ነው።»

«በይ ተኚ። እግርሽን አታወራጪ፤ ቆዳው ይገለጣል።»

ታቴራቅ እግሯን ሰበሰበች። ጥቂት ቆይታ ሆን ብላ አወራጨችው።

«እግርሽን አልኩ!»

ደስ አላት። ብርዱ አጥንቷ ገብቶ፣ ነፋሱ ጣራቸውን ሊነቅል እየታገለ፣ ደስ አላት። እንደገና አወራጨችው።

«አንቺ ልጅ አትሰሚም? ተነሥቼ ሳልመጣልሽ!»

«ወዴት ልትመጣ? እዚሁ ነህ።»

«ባለጌ» አላት፤ ድምፁ ፈዘዝ ያለ ነው። «እናትሽ ናት ያባለገችሽ።»

እንዲህ እያሉ ቆዩ። እንዳይተኛ ብላ የማታውቀውን ሁሉ ጠየቀችው፤ ልጅ ሳለ ምን እንደሚፈራ፣ ኮርኔሊያን በምን እንዳታለላት። ይመልስ የነበረው በረጅሙ ነው፤ ቀጥሎ ባጭሩ፤ ቀጥሎ በአንድ ቃል። በመጨረሻ እግሯን አወራጨች። አልተቆጣትም። ደከመው፣ ትንሽ ይረፍ አለች፤ እሷንም ስቡ አሙቋት ኖሮ ዓይኗ ተከደነ።

ሲነጋ ነፋሱ ወድቋል። ከላይዋ በሁለቱ ካያክ መካከል ብርሃን ቆዳውን አቅልቶት ይታያል። ከግድግዳው አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀም። የቆዳው ጫፍ ሌሊቱን ሙሉ ካለበት አልተነሣም፤ ኤሊያሴር በጎኑ እንደተጋደመ፣ በአንድ እጁ ጨብጦት፣ ደርቋል።

እግሯን ደጋግማ አወራጨች። ከዚያም ስትጮህ ወፎቹ ከድንጋዩ ላይ ተነሡ።

ካያኮቹን ብቻዋን አወረደች። የጦሩን እንጨት አጋድማ ሁለቱን ጎን ለጎን አሰረችና አባቷን በላያቸው አስተኝታ በዚያው ቆዳ ሸፈነችው። ሥጋውን አልተወችም፤ ቤት ውስጥ የምትስል ሰው አለች። ባሕሩ ልስልስ ብሎ ነበር። ሊፈልጋቸው የወጣው ፓቪያ መንገድ ላይ ሲያገኛት፣ ከሩቅ ሊቀልድ የከፈተውን አፉን ዘጋ። ገመድ ወርውሮላት፣ ዳርቻ እስኪደርሱ ጎተተ።

ኮርኔሊያ ውሃው አፍ ላይ ቆማ ነበር። «አማቴ፣ በሰላም ገቡ? ልጅዎስ?» ብላ ተጣራች።

ታቴራቅ እስከዚያች ቀን እናቷን «ኮርኔሊያ» ነበር የምትላት።

«እማዬ» አለቻት።

ኮርኔሊያ ከነጫማዋ ውሃው ውስጥ ገባች።

በእኛ ደሴት ለመቃብር የሚሆን አፈር የለም፤ ሰው የሚቀበረው ድንጋይ ተክቦበት ነው። ታቴራቅ ክቡ ካለቀ በኋላ የድንጋይ ሽበት እየነጨች ቀዳዳዎቹን ትወትፍ ጀመር። ጸሎቱን የመራው የቤተ ክርስቲያኑ አስተማሪ እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ይብቃሽ፤ እሱን ከእንግዲህ ነፋስ አያገኘውም» አላት።

«አውቃለሁ» አለች፤ መወተፏን ግን አልተወችም። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሄደ። ፓቪያ ብቻ ቀረና እሷ ከምትነጭበት ራቅ ብሎ እሱም ይነጭ ጀመር።

ያ የበረዶ ወራት በሰፈሩ የአንድ ሰው ስም ሳይጠራ አለፈ። ያንን ሰው የሚያነሣ ሁሉ «ያኛው» ይላል፤ ኮርኔሊያ ግን እሱንም አትል። ሰው የአያቷ ስም ከታቴራቅ ላይ ሄዶ እንደሆነ በጎሪጥ ያያት ነበር። እሷ ግን አልታመመችም። ቀኑ መርዘም ሲጀምር የካያኳን ቆዳ በስብ አሸች፣ የላላውን ስፌት እናቷ አጠበቀችላት፤ አንድ ማለዳ ከፓቪያ ጋር ወጣች።

ከሰርጡ አፍ ሲደርሱ ፓቪያ መቅዘፉን አቆመ። ከውጪ የመጣ ተንሳፋፊ በረዶ እዚህም እዚያም ነጭ ነጭ ይላል፤ ከወዲያ ማዶ ደግሞ አቆስጦች ሲተነፍሱ ይሰማል።

«እንግዲህ እርስዎ ይዘዙ» አላት። ከመቃብሩ ቀን ጀምሮ ፓቪያም እርስዎ ይላታል፤ አይቀልድም።

«አንተ ምን ይታይሃል?»

«ኧረ እኔ በእርስዎ ፊት ምን…»

«ፓቪያ!» አለችው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ምን ይታይሃል አልኩህ። አፍ የለህም?»

ፓቪያ ደነገጠ። በረዶውን አየ፣ እሷን አየ።

«እየተዘጋጋ ነው» አለ። «ከገባን መውጫ አናገኝም። እብደት ነው፣ ልጄ።»

«እንመለስ።»

«አቆስጦቹ እኮ…»

«ይተንፍሱ። እንመለስ።»

ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ኮርኔሊያ ከደጅ ሆና ካያኩ ላይ ምንም እንዳልታሰረ አየች፤ ተራምዳ ሄዳ ከልጇ ጋር አነሣችው፤ ቆዳው እንዲደርቅ የእንጨት ቆጡ ላይ ሰቀሉት። እራት የደረቀ ዓሣ ነበር፤ ያው የትናንቱ። ኮርኔሊያ ጅራቱን ለራሷ አስቀርታ ወገቡን ለታቴራቅ ሰጠቻት።

«ነገ የደቡቡን ባሕር እዩት» አለች። «አሁን ብይ፤ ከስተሻል።»